ሰው ያልለመደች ድመት በቤታችን ስትወልድ

በአገራችን የእህል ጎተራ ባለበት ቤት ሁሉ አይጥ አይጠፋም፤ አይጥ ባለበትም ቤት ድመት ትፈለጋለች። ነገር ግን ድመት የምትፈለገው አይጥ እንድትይዝ ብቻ ነው እንጂ፥ ስለ እርስዋ ኑሮና ስለ ልጆችዋ አስተዳደግ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ለበሬ ስለ ጕልበቱ፥ ለላም ስለ ወተትዋ፥ ለውሻ ስለ ጥበቃው ድርሻቸው ይታሰብላቸዋል፤ ድመት ግን «ራስዋን ታውቃለች» ተብላ ትተዋለች። ከዚህም የተነሣ የሰው እጅ ነክቶአቸው የማያውቅ፥ ሰውን ባዩ ጊዜ ሁሉ የሚሸሹ፥ ባለቤት የሌላቸው ድመቶች በየመንደሩ ይበዛሉ። ከእነዚህም አንዲቱ የመውለጃዋ ቀን በደረሰ ጊዜ ጨለማና ደረቅ ስፍራ ፈልጋ ከጓዳችን፥ ከጎተራችን ሥር ወይም ከማድ ቤታችን ጥግ ገብታ ትወልዳለች።

በዚያን ጊዜ በቤተ ሰቡ መካከል ሁለት ዓይነት ምክር ይነሣል። አንዱ ወገን፥ «ነገ አድገው ጫጩት ይፈጃሉ፤ ዓይናቸው ሳይገለጥ በጆንያ አድርጎ መጣል ነው» ይላል። ሌላው ወገን፥ ይልቁንም ሕፃናቱ፥ ግልገሎቹን አንሥተው ይታቀፋሉ፤ በውሃ ያጥባሉ፤ የላም ወተት ያጠጣሉ፤ ለጐረቤት ልጆችም ሁሉ ያሳያሉ። የፊተኛው ጭካኔ ነው፤ የኋለኛው ከፍቅር የመጣ ነው። የሆነ ሆኖ የሁለቱ ፍጻሜ ብዙ ጊዜ አንድ ይሆናል፤ ግልገሎቹ ይሞታሉ። ስለዚህ ጭካኔ እንደማይገባ ማስተማር ብቻውን አይበቃም፤ ርኅራኄም ዕውቀትና ትዕግሥት ካልተጨመሩበት የሚጐዳ መሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብም ይህ ነው።

እኛ የምንኖርበት ፎንቆ በሐዲያ ዞን የአና ሌሞ ወረዳ መቀመጫ ነው፤ ከሆሳዕና ከተማም ብዙ የራቀ አይደለም። አገሩ ስንዴና ባቄላ የሚዘራበት፥ በየጓሮውም እንሰት የሚተከልበት ነው። እህሉ በጎተራና በጆንያ፥ የደረቀው የእንሰት ቅጠል በማድ ቤት ጥግ ተከምሮ ይቀመጣል። ይህ ለአይጥ መኖሪያ እንደ ሆነ ሁሉ ለምትወልድ ድመትም የተመቸ መሸሸጊያ ነው። እንግዲህ የምንናገረው የሩቅ አገር ወሬ ሳይሆን የራሳችንን ጓዳ ነገር ነው።

ከጎተራ ጋር የመጣች እንስሳ

ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ድመት ወደ ሰው ቤት የገባችው እንደ ሌሎቹ እንስሶች በገመድ ተስባ አይደለም። ሰው እርሻን ጀምሮ እህልን ማከማቸት በተማረ ጊዜ አይጦች ወደ ጎተራው መጡ፤ አይጦቹንም ተከትላ ድመት መጣች። በቆጵሮስ ደሴት ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት የተቀበረ አንድ ሰው ከአጠገቡ ድመት ተቀብራ የተገኘች መሆኑ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. ተገልጦአል። ከሦስት ዓመት በኋላም በ2007 ዓ.ም. የዘር ምርመራ ያደረጉ ሊቃውንት፥ በዓለም ሁሉ የሚገኙት የቤት ድመቶች ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት የተገኙ መሆናቸውን አስረድተዋል። የዚያች የዱር ድመት ዘመዶች ዛሬም በአፍሪካ፥ በእኛም አገር ዱር ውስጥ ይኖራሉ።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ለአንድ ቁም ነገር ነው። በሬና በግ በብዙ ሺህ ዓመት ከሰው እጅ ጋር ተላምደዋል፤ ድመት ግን ዛሬም ቢሆን ግማሽ ጠባይዋ የዱር ነው። የምትለምደን በተወለደች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሰውን እጅና ድምፅ ያወቀች እንደ ሆነ ነው። ያ ዘመን ሰው ሳይደርስባት ካለፈ፥ በቤታችን ጥላ ሥር እየኖረች እንኳ እኛን የምታየን ነብር እንደምታይ ሆና ነው። እንግዲህ ፍርሀትዋ ክፋት አይደለም፤ ማንም ያላስተማራት መሆንዋ ነው።

መጻሕፍትና ቅዱሳን የሚያስተምሩን

ለእንስሳ መራራት ከባዕድ አገር የመጣ አዲስ ልማድ የሚመስለው ሰው ይገኛል፤ ነገር ግን በቅዱሳት መጻሕፍት የታወቀ ነገር ነው። በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ፥ በመንገድ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶችዋ ጋር አብሮ እንዳይወስድ ታዝዞአል። ሊቀ ነቢያት ሙሴ ያን ያህል ታላቅ ሕግ በሚጽፍበት መጽሐፍ ውስጥ ስለ አንዲት ወፍ ጎጆ ማንሣቱ፥ የእናትና የልጅ ነገር በእግዚአብሔር ዘንድ ትንሽ አለመሆኑን ያሳያል። በመጽሐፈ ምሳሌ በ12ኛው ምዕራፍም ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚያስብ ተነግሮአል።

የአገራችን ምእመናን በየወሩ በ5 ቀን የሚዘክሩአቸው ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስም ሥዕላቸውን አይቶ የማያውቅ የለም። በሥዕሉ ስድሳ አናብስትና ስድሳ አናብርት ከበዋቸው ይታያሉ፤ ውሃ የጠማት ወፍም የዓይናቸውን እንባ ስትጠጣ ትሣላለች። ልብ ማለት የሚገባን አንድ ነገር አለ፤ ጻድቁ ወፊቱን ይዘው ከቤት አላስገቧትም፤ በእጃቸውም አልጨበጧትም፤ እርስዋ መጥታ እስክትጠጣ ድረስ ጸጥ ብለው ቆሙላት። ለፈራ ፍጥረት የሚገባው ርኅራኄ እንደዚህ ያለ ነው።

ለምን ትፈራለች?

ድመት ከፀነሰች በኋላ ዘጠኝ ሳምንት ያህል ቆይታ ትወልዳለች። ብዙ ጊዜ የምትወልደው ከሦስት እስከ አምስት ነው። ግልገሎቹ ሲወለዱ ዓይናቸው የተገጠመ፥ ጆሮአቸው የተደፈነ ነው፤ የእያንዳንዱም ክብደት 100 ግራም ያህል ቢሆን ነው። የራሳቸውን ሙቀት ጠብቀው ማቆየት ስለማይችሉ ከእናታቸው ሆድ ከተለዩ ፈጥነው ይበርዳሉ። ሽንትና ዓይነ ምድራቸውን እንኳ እናታቸው በምላስዋ ካላሻሸቻቸው በቀር ማውጣት አይችሉም።

በሌላ በኩል ደግሞ ውሻ፥ ሸለምጥማጥ፥ እንግዳ ወንድ ድመትም ግልገሎቹን ይገድሉባታል። እናቲቱ እነርሱን ለመጠበቅ ያላት ብልሃት ሁለት ነው፤ መደበቅና ማሸሽ። ስለዚህ ወደ መኝታዋ የቀረበውን ሁሉ ጆሮዋን አጥፋ፥ ጠጕርዋን አቁማ፥ ጥርስዋን አሳይታ ታስፈራራለች። ይህን ያየ ሰው «ይህች ክፉ አውሬ ናት» ብሎ ዱላ ያነሣል። እርስዋ ግን ልትወጋው አልተነሣችም፤ እንዲርቅላት መለመንዋ ነው። መራቅዋን ትታ ሸሽታ ብትሄድ ከሁሉ በፊት ራስዋን ባዳነች ነበር፤ ከፍርሀትዋ ጋር እየታገለች ከልጆችዋ አጠገብ መቆምዋ ግን የእናትነትዋ ኀይል ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ከሁሉ አስቀድሞ መደረግ ያለበት አለመንካት ነው። ሰው የነካውን ግልገል እናቲቱ ትጠላዋለች የሚለው አነጋገር ብዙም እውነት የለውም፤ ነገር ግን መኝታዋ የታወቀባት ሲመስላት በሌሊት እያንዳንዱን በማጅራቱ ነክሳ ወደ ሌላ ስፍራ ታጓጕዛቸዋለች። በዚህ ጕዞ መካከል ብርድ፥ ዝናም ወይም ውሻ ከደረሰባት ከልጆችዋ አንዱ ወይም ሁለቱ ይጠፋሉ። ስለዚህ ዓይናቸው እስኪገለጥ ድረስ ስፍራውን ከሩቅ ማየት ይበቃል።

ሁለተኛው፥ ስፍራውን መጠበቅ ነው። ውሻው በዚያ አቅራቢያ ታስሮ እንደ ሆነ ወደ ሌላ ማዕዘን ይዛወር። ዝናም የሚገባበት ከሆነ እርስዋ ለምግብ በወጣች ጊዜ በላዩ ቆርቆሮ ወይም ሳንቃ በጸጥታ ጣል ይደረግ። ለመኝታ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ወይም አሮጌ ጨርቅ ይበቃል። ቃጫ ግን ከዚያ ይራቅ፤ ክሩ በግልገሎቹ አንገትና እግር ላይ ይጠመጠማል፥ ቢውጡትም አንጀታቸውን ይጐዳል።

ሦስተኛው፥ ምግብና ውሃ ነው። የምታጠባ ድመት ከወትሮዋ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ መብላት ያስፈልጋታል። ምግቡ ከመኝታዋ አጠገብ አይቀመጥ፤ ሽታው ውሻና ወንድ ድመት ይጠራባታልና። አራት ወይም አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ፥ በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ስፍራ፥ ቢቻል በአንድ ሰው እጅ ይቀመጥላት። የተረፈው ይነሣ፤ ንጹሕ ውሃ ግን ዘወትር ይኑር። ምግቡን ያስቀመጠውም ሰው ቆሞ አይመልከታት። ድመት ዓይን ለዓይን ትኵር ብሎ የሚያያትን ጠላት ታደርገዋለች፤ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ጐን የሚመልሰውን ግን ቀስ በቀስ ታምነዋለች።

በአንድ ጐረቤታችን ቤት የሆነው

ለምሳሌ ያህል በዚሁ በፎንቆ በአንድ ጐረቤታችን ቤት ያየነውን እንናገራለን። ጊዜው የጾመ ነቢያት ወራት ነበር፤ ስንዴው ታጭዶ ይወቃል፥ ሌሊቱም ብርድ ነው። አንዲት ሽንትር ሽንትር ያለች ግራጫ ድመት ከማድ ቤቱ በስተ ኋላ በተከመረው የእንሰት ቅጠል ውስጥ አራት ወለደች። የቤቱ ትንሽ ልጅ ድምፃቸውን ሰምታ አንዱን አውጥታ ለጓደኞችዋ አሳየች። አመሻሹ ላይ እናቲቱ ልጆችዋን ማሸሽ ጀመረች፤ ሦስቱን ወደ ጎተራው ሥር ካደረሰች በኋላ ለአራተኛው ስትመለስ የግቢው ውሻ ተነሣባት። በነጋታው ያ አራተኛው በርዶት ሞቶ ተገኘ። ልጅቱም አለቀሰች።

አባትዋ፥ «የቀሩትንም ዛሬ ከሜዳ እንጥላቸዋለን፤ አለዚያ ግቢው በድመት ይሞላል» አለ። የእርሱ እናት የሆኑት ባልቴት ግን፥ «ልጄ፥ እኔ ባለሁበት ቤት ከወለደች እናት ላይ ልጅ አይነጠቅም። ከዛሬ ጀምሮ ወደዚያ የምሄድ እኔ ብቻ ነኝ» ሲሉ ነገሩን ዘጉት። ከዚያም በኋላ ውሻው ወደ በሩ እንዲዛወር አደረጉ፤ በየማለዳውና በየማታው ምግብ በሸክላ ስባሪ አድርገው ከጎተራው ራቅ አድርገው አስቀመጡ፤ አስቀምጠውም በርጩማቸው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ጸሎታቸውን ያደርሱ ጀመር።

በመጀመሪያው ሳምንት ድመቲቱ የምትበላው ባልቴትዋ ከሄዱ በኋላ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እርሳቸው እያሉ መብላት ጀመረች። አንድ ወር ካለፈ በኋላ ሦስቱ ግልገሎች ከጎተራው ሥር ወጥተው በርጩማውን ከበው ሲጫወቱ ይታዩ ነበር። አንድ ቀን ማለዳም ድመቲቱ የገደለችውን ትልቅ አይጥ ከምግብዋ ስፍራ አጠገብ ለልጆችዋ አምጥታ ጣለችላቸው። የቤቱ ባለቤት ይህን አየ፤ ምንም አልተናገረም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከገበያ ሲመለስ ሳምባ በወረቀት ጠቅልሎ የሚያመጣ እርሱ ራሱ ሆነ። እናቲቱ እስከ መጨረሻው በሰው እጅ አልተነካችም፤ እንድትነካም ያስገደዳት የለም። ከሦስቱ አንዱ በዚያው ቤት ቀረ፤ ሁለቱ እህል ለሚያከማቹ ገበሬዎች ተሰጡ።

በጾም ወራት ምን ትመገብ?

በዚያ ቤት ልጅቱ አያትዋን፥ «አያቴ፥ እኛ እየጾምን እንዴት ለድመት ሥጋ ይሰጣል?» ብላ ጠይቃ ነበር። ይህ የሕፃን ጥያቄ ቢመስልም ብዙ ምእመናንን የሚያሳስብ ነው። በጾም ወራት በኦርቶዶክሳዊ ቤት ውስጥ ሥጋና ወተት ስለማይገኝ ለድመቲቱ የሚደርሳት እንጀራና የሽሮ ጥራጊ ብቻ ይሆናል። ነገር ግን ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት። ውሻ እህልን ለምዶ ሊኖር ይችላል፤ የድመት አካል ግን ከሥጋ ብቻ የሚያገኛቸው ነገሮች አሉ፤ እነርሱ ከጐደሉባት ዓይንዋና ልብዋ ይታመማሉ። ለምታጠባዋማ ጕዳቱ በርስዋ ሳይወሰን ለልጆችዋ ይተርፋል። አባቶቻችን «ድመት መንኩሳ ዓመልዋን አትረሳ» ብለው የተረቱት በግብዝ ሰው ላይ ነው፤ ነገር ግን ስለ ድመት ጠባይ የተናገሩት እውነት ነው።

ምናልባት መጻሕፍትን የሚያውቅ ሰው፥ «በነነዌ እንስሶችስ ከሰው ጋር ጾመው አልነበረምን?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ በትንቢተ ዮናስ እንደ ተጻፈ የነነዌ ንጉሥ እንስሶች እንኳ እንዳይቀምሱ አዝዞ ነበር። ያ ግን ጥፋት በደጃቸው በቆመበት ቀን አንድ ንጉሥ ያወጣው ዐዋጅ ነው። በዚያው መጽሐፍ ፍጻሜ እግዚአብሔር ለዮናስ ስለ ከተማይቱ ሲነግረው ከሕፃናቱ ጋር የእንስሶቹን ብዛት አንሥቶ ይራራላቸዋል። ደግሞም ጾም ሰው ፈቃዱን የሚገዛበት፥ ለንስሐ የሚዘጋጅበት ሥርዐት ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ሕፃናት ለጾም አይገደዱም፤ ለታመመም ሰው በአበ ነፍሱ ምክር ይታሰብለታል። ለሰው እንዲህ ከታሰበ፥ ንስሐ የምትገባበት ኀጢአት የሌላትን እንስሳ ማስራብ ከጾም በጎነት የሚቈጠር አይሆንም። ባልቴትዋም ለልጅቱ የመለሱላት፥ «ልጄ፥ ጾሙ የእኔና የአንቺ ነው፤ እርስዋ ምን በደለች?» በማለት ነበር።

ምግቡን ለማግኘትም ብዙ ወጪ አያስፈልግም። በፎንቆ የሚጾመውና የማይጾመው ጐረቤት ሆኖ ይኖራል፤ ከማይጾመው ጐረቤት ወይም ከሥጋ ቤት ሳምባ፥ የሥጋ ጥራጊና የመሳሰለው በትንሽ ዋጋ ይገኛል። ተቀቅሎ ያለ በርበሬና ያለ ጨው ይሰጣት። ሽንኵርትና ነጭ ሽንኵርት ለድመት መርዝነት ስላላቸው ከወጥ የተረፈ ሥጋ አይሰጣት። ጉበት ጥቂት ጥቂት ቢሆን መልካም ነው፤ ዘወትር ግን አይሁን። የዶሮ አጥንት ከተቀቀለ በኋላ ስለሚሰነጠቅ ጕሮሮዋን ይወጋል። የላም ወተትም ምንም እንኳ ድመቶች ቢወዱት ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል፤ ለእናቲቱ ከወተት ይልቅ ውሃ ይሻላታል።

ግልገሎቹ ዓይናቸውን ከገለጡ በኋላ

የግልገሎቹ ዓይን ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይገለጣል። በሦስተኛው ሳምንት መራመድ፥ በአራተኛው ሳምንት ደግሞ ለስላሳ ምግብ መቅመስ ይጀምራሉ። ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ የሰውን ወዳጅነት የሚቀበሉበት ዘመን ነው። እናቲቱን ማላመድ ባይቻልም ልጆችዋን ማላመድ የሚቻለው በዚህ ጊዜ ነው። ነገር ግን በችኮላ አይደለም። መጀመሪያ ድምፅ ይልመዱ፤ ቀጥሎ በእጅ የተያዘ ቍራሽ ሥጋ ያሽትቱ፤ ከዚያም እናታቸው ለምግብ በራቀች ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ይዳሰሱ፤ ወዲያውም ይመለሱ።

ይህ ጊዜ ለቤቱ ልጆችም ትምህርት ቤት ነው። ልጅ የሚወደውን ነገር ሳይጨብጥ መጠበቅን፥ ድምፁን ዝቅ ማድረግን፥ ደካማው ፍጥረት እስኪቀርበው መታገሥን በቃል ከምንነግረው ይልቅ በዚህ ይማረዋል። የወላጆች ፋንታ ልጆችን ማባረር ሳይሆን ተራና ሰዓት መወሰን ነው፤ ዛሬ ውሃውን የሚሞላ አንዱ፥ ነገ ዕቃውን የሚያጥብ ሌላው ይሁን። ግልገሎቹ ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው አይለዩ፤ አይጥ መያዝን የሚማሩት ከእርስዋ ነውና።

እናቲቱ ባትመለስ

ግልገሎች ብቻቸውን በተገኙ ጊዜ እናታቸው ጥላቸው ሄደች ብሎ መቸኰል አይገባም። ለአደን የወጣች ድመት ብዙ ሰዓት ልትቆይ ትችላለች፤ ሰው አጠገባቸው ቆሞ እንደ ሆነም ፈርታ ከሩቅ ትጠብቃለች። ስለዚህ ራቅ ብሎ መጠበቅ ይገባል። ግልገሎቹ ሞቀው ጸጥ ብለው ከተኙ እናታቸው አለች ማለት ነው። በርዶአቸው ያለ ማቋረጥ የሚጮኹ፥ ወይም እናቲቱ መሞትዋ የታወቀ እንደ ሆነ ግን ፈጥኖ መርዳት ያስፈልጋል።

አስቀድመው ይሙቁ፤ ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ አጠገባቸው ይደረግ። የበረደው ግልገል ሳይሞቅ ምንም አይሰጠው። በአቅራቢያው የምታጠባ ሌላ ድመት ካለች ብዙ ጊዜ የባዕድ ልጅ ስለምትቀበል ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነው። ይህ ካልተገኘ የእንስሳት ሐኪም ይጠየቅ፤ ለድመት ግልገል የተዘጋጀ ወተት ከተገኘም እርሱ ይሰጥ። በመጀመሪያው ሳምንት በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ፥ በሆዳቸው አስተኝቶ እንጂ እንደ ሰው ልጅ በጀርባ አንጋሎ ሳይሆን፥ ጥቂት በጥቂት ይመገባሉ። ከመገቡም በኋላ ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጨርቅ ከሆዳቸው በታች ቀስ ብሎ ማሻሸት ያስፈልጋል። ሥራው አድካሚ ነው፤ እናቲቱ በሰላም እንድታሳድጋቸው መተው የሚመረጠውም ስለዚህ ነው።

ስለ ጤና ጥንቃቄ

ርኅራኄ የቤተ ሰብን ጤና የሚያስረሳ መሆን የለበትም። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ አሁንም ሰው የሚገድል በሽታ ነው፤ በብዛት የሚተላለፈው በውሻ ቢሆንም በድመትም ይተላለፋል። ድመት የነከሰችው ወይም የቧጠጠችው ሰው ቍስሉን ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ ግን በጊዜው ከተወሰደ ያድናል። ሉዊ ፓስተር ይህን ክትባት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. በውሻ ለተነከሰ አንድ ብላቴና ከሰጠ ጀምሮ በዓለም ሁሉ ብዙ ነፍስ ድኖበታል። ጠበል መጠመቅና መጸለይ የክርስቲያን ወግ ነው፤ ነገር ግን ጠበሉ ሐኪሙን አይከለክልም። «በሰባት ቀን ጠበል ካልተሻለኝ እሄዳለሁ» እያሉ መዘግየት ግን ነፍስን ያስጠፋል።

እርጉዝ ሴት ያለችበት ቤትም ሌላ ጥንቃቄ አለው። በድመት ዓይነ ምድር ውስጥ ሊገኝ የሚችል ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥቃቅን ተሕዋስ ፅንስን ይጐዳል። ስለዚህ እርጉዝ ሴት የድመትን ዓይነ ምድር አትጥረግ፤ ሌላ ሰው በየቀኑ ያንሣው። ዕለት በዕለት መነሣቱ የሚጠቅመው፥ ተሕዋሱ ሰውን ለመያዝ የሚበቃው አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከቆየ በኋላ ስለ ሆነ ነው። ይኸው ተሕዋስ በጥሬ ሥጋና ባልታጠበ አትክልትም ይተላለፋልና፥ ድመቲቱን አባርሮ ጥሬ ሥጋ መብላት ከጕዳቱ አያድንም።

ከዚህም በቀር ድመት ባለችበት ቤት የአይጥ መርዝ አይበተን። የተመረዘውን አይጥ የበላች ድመት ልትሞት ትችላለች፤ የእርስዋም ሞት የሚያጠቡትን ልጆችዋን ይገድላል። በመጨረሻም ቤቱ አይጥ እንደ ሞላበት ይቀራል።

ከዚያ በኋላስ?

«ዛሬ ሦስት፥ ከርሞ ሠላሳ ይሆናሉ» የሚለው የቤት ባለቤቶች ሥጋት ከንቱ አይደለም። ድመት ልጆችዋን ገና እያጠባች እንደ ገና ልትፀንስ ትችላለች፤ ሴት ግልገልም ስድስት ወር ሳይሞላት ለመፅነስ ትደርሳለች። ይሁን እንጂ ለዚህ መድኀኒቱ በጆንያ አድርጎ ወንዝ መጣል አይደለም። ልጆችዋ የተጣሉባት ድመት ጥቂት ቆይታ እንደ ገና ትፀንሳለች፤ ጭካኔው በየዓመቱ ይደገማል እንጂ ቍጥራቸው አይቀንስም። የእንስሳት ሐኪም በሚገኝበት ስፍራ ሴቲቱን ማምከን፥ ወንዱን ማኮላሸት፥ ሁሉንም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስከተብ ይገባል። ይህ ወዲያው ባይገኝ፥ ግልገሎቹን ስምንት ሳምንት ከሞላቸው በኋላ አይጥ ለሚያስቸግራቸው ጐረቤቶች አስቀድሞ ተነጋግሮ ማከፋፈል መልካም ነው። እህል በሚከማችበት አገር የለመደ ግልገል ድመት ስጦታ ነው። እንደዚሁም አይጥ የብራና መጻሕፍትንና አልባሳትን በሚያበላሽበት በየአጥቢያው ዕቃ ቤት አቅራቢያ አንዲት የተጠበቀች ድመት ምን ያህል እንደምትጠቅም ካህናቱ ያውቁታል።

የተወደዳችሁ አንባብያን! ለአንዲት ድመት ይህን ያህል መጻፍ ለምን ያስፈልጋል የሚል ቢኖር፥ ነገሩ በድመት የሚያበቃ አይደለም እንላለን። በየቤታችን ደጅ ፈርተው የሚመጡ ሰዎችም አሉ፤ ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ፥ ወላጅ ያጣ ሕፃን፥ ከሰው ተደብቃ የወለደች ልጃገረድ። ፍርሀታቸው ቍጣ ወይም ዝምታ ሆኖ ሲታይ አንዳንዱ ክፋት ነው ብሎ ያባርራቸዋል፤ ሌላው በችኮላ ቸርነት ምሥጢራቸውን ሁሉ ካልነገራችሁኝ እያለ ያስጨንቃቸዋል። ለእነርሱም ቢሆን አስቀድሞ የሚያስፈልጋቸው ደረቅ መኝታ፥ በሰዓቱ የሚቀርብ ምግብና የሚታገሥ ሰው ነው። ልጆቻችን በጎተራ ሥር ለተሸሸገች አንዲት እናት ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግን ከተማሩ፥ ነገ በደጃቸው ለሚቆመው ለተጨነቀ ሰው እንዴት እንደሚቀርቡ ያውቃሉ። ለፍጥረቱ ሁሉ ምግቡን በየጊዜው የሚሰጥ አምላክ ለቤቶቻችን የሚራራ ልብና የሚታገሥ እጅ ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።